እባክዎ የእህቴን ድንች አይጎብኙልን

ለተከበሩ የሰብል ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለመጪው ረቡዕ የተያዘው የመስክ ጉብኝት እንዲቀርልን በአክብሮት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ጤና ስል የሰው ጤና ማለቴ ነው፤ የሰብሉን ጤና መሥሪያ ቤትዎ በስሙ ስለያዘው እኔ በዚያ በኩል ጣልቃ ልገባ አልፈልግም።

እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለችኝ ቁራሽ መሬት ድንች እተክላለሁ፤ በትክክል ለመናገር፣ እተክል ነበር። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ከማሸግ ይልቅ በገበያው መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ አሽጌ ልኬ፣ ሦስቱም ላይ “ደርሷል” የሚል ማኅተም ተመትቶ ቅጂው ተመልሶልኛል። መድረሳቸውን እንጂ መነበባቸውን የሚገልጽ ማኅተም ጽሕፈት ቤቱ እንደሌለው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና አስረድታኛለች። እዚህ ከተለጠፈ ግን ቢያንስ ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ሰው ያነበዋል በሚል ተስፋ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ ለታላቅ እህቴ ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤው የእህቴ የድንች ማሳ በአካባቢው ካሉት ሁሉ በጤንነቱ ልቆ በመገኘቱ በአርአያነት መመረጡን፣ በመጪው ረቡዕም ስልሳ ጎብኚዎች ለልምድ ልውውጥ ማሳዋ ውስጥ እንደሚገኙ፣ በፍጻሜውም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣት ያበሥራል። እህቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እሷ ቀርታ እኔን ነው ትምህርት ቤት የላከችኝ። ስለዚህ የእሷን ወረቀት የማነበው እኔ ነኝ፣ የማነበውም ሁለት ጊዜ ነው። ሰምታ ስትጨርስ፣ ስልሳ ሰው የት ሊቆም ነው፣ በቦዩ ላይ ነው ወይስ በድንቹ ላይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ባነበውም ደብዳቤው ይህን አይገልጽም።

የእህቴ ማሳ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። የመስኖው ቦይ መጀመሪያ እሷን አጠጥቶ ነው ወደ ሌሎቻችን የሚወርደው። አምና የሁላችን ድንች ካለቀ ወዲህ ደግሞ ንጹሕ ዘር እናገኛለን ብለን የምናምነው በእሷ ማሳ ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድ ቤተሰብ በሚመጣው ወቅት የሚተክለው ከእሷ የሚወስደውን ነው። መሬቱን እንኳ አዘጋጅተን፣ በቆሎ ተዘርቶበት የከረመ ንጹሕ ቦታ እየመረጥን ቆይተናል። በሽታው እሷ ጋ ከገባ ዘሩም ይሄዳል፣ ከላይ የሚወርደውም ውሃ በሽታውን ለሁላችን በእኩል ያከፋፍልልናል። ስልሳዎቹ ጎብኚዎች እህቴ ማሳ የሚደርሱት፣ አብሮ በተላከው ፕሮግራም ተራ ቁጥር ሁለት ላይ እንደተጻፈው፣ “በበሽታው የተጠቁ ማሳዎችን ተዘዋውረው ከተመለከቱ በኋላ” ነው።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ እያነበበ ከሆነ፣ በሽታው ባለሙያዎቻችሁ አጠውልግ የሚሉት መሆኑን ልንገረው። ድንቹ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ቀትር ላይ ክንዱን ይጥላል፤ አመሻሹ ላይ ቀና ይላል። ገበሬው ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል። በሳምንቱ ይተኛና አይነሳም። ድንቹ ለሁለት ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር ቡናማ ቀለበት ይታያል፤ ጫን ሲሉት ነጭ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። በታመመ ዘር፣ በውሃ፣ ባልታጠበ ዶማና አፈር በያዘ ጫማ ይተላለፋል። አንዴ ከገባ በሚረጭ መድኃኒት አይድንም፤ የገባበት አፈርም ለዓመታት ለድንችም፣ ለቲማቲምም፣ ለቃሪያም አይሆንም። ይህን ሁሉ ከራሴ አላመጣሁትም። ጽሕፈት ቤትዎ ካሳተመው መመሪያ ከገጽ ዘጠኝ እስከ ገጽ አሥራ አራት ያለው ነው። መመሪያው ግሩም መጽሐፍ ነው። አንዱን ቅጂ ያገኘሁት በእናንተው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ የቀሩት እንደታሠሩ የጠረጴዛ እግር ደግፈው ይገኛሉ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። አምና በሽታው መጀመሪያ የታየው በወንዙ ዳር ባለው በአናጢው ማሳ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከዚያ ሌላ የትም አልነበረም። አናጢውም እንደ ደግ ዜጋ በማግሥቱ ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተ። የመስክ ቡድናችሁም መጥቶ፣ ከጠወለጉት መካከል አንዷን ተክል ከነሥሯ ከነአፈሯ ነቅሎ፣ ገበሬው በሽታውን በወሬ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ እንዲያውቀው በሚል ቀና ሐሳብ ከማሳ ማሳ ይዟት ዞረ። በየማሳው መሃል ላይ አስቀምጦ ማብራሪያ ሰጠባት። ሥሯ በደንብ እንዲታይም አፈሯን አራገፈ። ሦስተኛው ማሳ ላይ ስትደርስ የሚራገፍ አፈር ስላልቀረባት የቡድኑ መሪ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው አላስፈለገም ነበር፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ሌላ ትኩስ ነቅሎ መጥቷልና። እንዲህ እያለ በሦስት ረቡዕ ዘጠኝ ማሳ አዳርሷል።

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ጥቅም ለእኔ የሚነገረኝ አይደለም። የልብን አሠራር በጭቃ ሠርቼ፣ ቧንቧውን ከተጣለ የብስክሌት ጎማ ቆርጬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሆኖም ስለ ኩፍኝ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ በየክፍሉ ይዤ ዞሬ አላውቅም። ይህን የማስተማሪያ ዘዴ ሳላውቀው ጡረታ በመውጣቴ አዝናለሁ።

ሁለተኛ። ማስታወሻ የመያዝ አመል አለብኝ፤ ጓደኞቼ በዚህ ያሙኛል። የጉብኝታችሁን ፕሮግራም ከሰሌዳችሁ ገልብጬ፣ ከየማሳው አጠገብ መጠውለግ የጀመረበትን ቀን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ረቡዕ የተጎበኙት ማሳዎች ከሃያ እስከ ሃያ ስድስት ቀን ውስጥ ጠወለጉ። የሁለተኛው ረቡዕ በሳምንቱ ተከተሉ። የሦስተኛው ረቡዕ በሌላው ሳምንት ተከተሉ። ተራው አልተፋለሰም፣ ማንም አልቀደመም፣ ማንም አልዘገየም። ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት በወጣለት ፕሮግራም መሠረት የተከናወነ ሥራ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ለማመስገን ያህል ሰንጠረዡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ሰንጠረዡን ለቡድን መሪው በአካል ወስጄ አሳይቼው ነበር። በትዕግሥት ተመልክቶ፣ ቲቸር፣ የእርስዎ ነገር መቼም ሁልጊዜ መስመር አስምሮ ነው አለኝና ሳቀ። ገጽ ዘጠኝን ከፍቼ፣ የታመመ ተክል ከማሳ ወደ ማሳ አይወሰድ፣ ጫማና መሣሪያ በበረኪና ውሃ ይታጠብ የሚለውን ባሳየው ደግሞ፣ መመሪያው የተዘጋጀው ለገበሬው እንጂ ለባለሙያው እንዳልሆነ ገለጸልኝ። በሽታው ግን ይህን ልዩነት ገና አልተነገረውም መሰለኝ።

ሦስተኛ። ድንቻችን ሲጠወልግ የተላከልንን መድኃኒት ሳላነሣ ባልፍ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። የተላከልን የፈንገስ መድኃኒት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ አይደለም። ቢሆንም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ሦስት ጊዜ ረጭተናል፤ በማሳዬ ፈንገስ ከነበረ ድምጥማጡ ጠፍቷል፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጥርጣሬዬን ለማጣራት የታመመ ግንድ በላስቲክ አሽጌ ለላቦራቶሪያችሁ አስገብቼ ነበር። ቅጹ በሦስት ቅጂ ይሞላ ተባለ፣ ሞላሁ። ሦስተኛው ቅጂ አይነበብም ተባለ፣ ደግሜ ሞላሁ። በስምንተኛው ሳምንት መልስ መጣልኝ፤ ናሙናው በመበስበሱ ምክንያት ታሞ እንደነበር ማረጋገጥ አልተቻለም ይላል።

በመካከሉ ገጽ አሥራ አራት ላይ ባለው መንገድ ቤቴ ሞከርኩት። ግንዱን ቆርጬ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩት። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርድ ጀመር። አጠውልግ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ብርጭቆው የራሴ ነው፣ ውሃው የቧንቧ ነው፤ ቅጽ አልሞላሁም።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ሌላውን ስዘረዝር ይህን ብዘለው የሠላሳ አራት ዓመት የመምህርነት ስሜን አቃልለዋለሁ። ያቺ ተክል የእኔ ማሳ ስትደርስ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቼን የጠራሁት እኔ ነኝ። የቡድን መሪው ተክሏን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲያስረዳ ከኋላ ያሉት እንዳላዩ አስተዋልኩና፣ እንደ ክፍል ተማሪ ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አደረግሁ። ከዚያ ተክሏን ተቀብዬ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍኳት። ግንዱን ጨመቅ አድርጉት፣ ሥሩን ዳስሱት፣ አሽትቱት አልኩ። የተዳሰሰ ትምህርት አይረሳም ብዬ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእርግጥም አልተረሳም። እነዚያ እጆች ከዚያ ክብ ተነሥተው በቀጥታ ወደየዶማቸው ሄዱ። እኔም መመሪያውን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ግን ሳይንስ አስተምሬያለሁ ካለ መመሪያ እስኪያገኝ መጠበቅ አልነበረበትም። ስለዚህ ከእናንተ ጥፋት ላይ የእኔን ድርሻ ቀንሳችሁ እንድትቀበሉኝ እጠይቃለሁ። አናጢው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ ደህና ዋልክ ወይ መምህር ብሎ እጁን ኪሱ ይከታል። ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር ጠይቄው አላውቅም።

አምስተኛ። በዚህ ዓመት የወጣውን የጥናት ሪፖርታችሁን አንብቤያለሁ። በፕሮግራሙ ላይ ከነበሩት ማሳዎች ሁለት መትረፋቸውን በትክክል መዝግባችኋል። አንደኛው የንብ አርቢው ነው። ሪፖርቱ በንብ ቀፎ አጠገብ የተተከለ ድንች አጠውልግን የመቋቋም ዝንባሌ ታይቶበታል ይልና አርሶ አደሩ ቀፎ እንዲያስገባ ይመክራል። እውነቱን ለመናገር ቡድናችሁ እዚያ ማሳ ደርሶ ነበር። ንቦቹ ተቆጥተው ስለነበር ግን ማብራሪያው የተሰጠው ከመኪናው ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ ነው። ንብ አርቢው ምን እንዳሉ እስካሁን አያውቅም፤ ድንቹ ግን ደህና ነው። በልጅነቱ ከክፍሌ በር እየሾለከ በመውጣቱ ስንት ጊዜ የቀጣሁት ልጅ፣ ትምህርት ሳይሰማ በመቅረቱ ሲጠቀም በማየቴ በዚህ ዕድሜዬ ሙያዬን እንደገና እያሰብኩበት ነው። ዘር ግን ከእሱ አናገኝም፤ ያለው ጥቂት ነው፣ እሱም ገና ሳይደርስ በአማቶቹ ተቆጥሯል።

ሁለተኛው የተረፈው የእህቴ ማሳ ነው። ሪፖርቱ ምክንያቱን “የተሻሻለ አሠራር” ይለዋል። እህቴን ምን ዓይነት የተሻሻለ አሠራር እንደምትከተል ጠየቅኋት። አሰብ አድርጋ፣ እኔ እንግዲህ እንደ ድሮው ነው የምኮተኩተው አለችኝ። የአምናውን ፕሮግራም መልሼ ባየው ከስሟ አንጻር በእስክሪፕቶ የተጻፈ አገኘሁ፤ “የመኪና መንገድ ባለመኖሩ አልተጎበኘም” ይላል። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። የእህቴ ድንች ጤነኛ የሆነው ስላልደረሳችሁበት ነው። ለዚህም ትሸለም ዘንድ፣ በዚህ ወር መንገዱን አስጠርጋችሁ እስከ አጥሯ ድረስ አድርሳችሁታል። በዚያ መንገድ የታመመ ሰው በቃሬዛ ስናወርድ አሥራ ሁለት ዓመት አመልክተን ነበርና፣ ለመንገዱ ከልብ እናመሰግናለን።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ጉብኝቱ ይቅር። የግድ የማይቀር ከሆነ ጎብኚዎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰብሰቡ፤ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ድንቹንም፣ ባክቴሪያውንም፣ ጎብኚውንም ሥዬ አስረዳለሁ። እሱም ካልሆነ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ መጀመሪያ ጤነኛውን፣ ቀጥሎ የታመመውን ይዩ፣ ጤነኛውንም ከአጥር ውጭ ሆነው ይዩ። ገበሬ መኮትኮት የሚጀምረው ከጤነኛው መሆኑን መመሪያችሁ ገጽ አሥር ላይ ይናገራል። አጥሩ አጭር ነው፤ ድንቹም አይደበቅም።

እህቴን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። እሷ በዕድሜዋ እንግዳ ከበር መልሳ አታውቅም፤ ስሟ የተጻፈበት የምስክር ወረቀትም አግኝታ አታውቅም። ለወረቀቱ ግድግዳዋ ላይ ቦታ መርጣለች። ጉብኝቱ ዘሯን ሊያጠፋው እንደሚችል ስነግራት፣ ታዲያ አንተ ልጅ፣ አትምጡብኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር አለችኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንተ ልጅ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው እንግዲህ የእሷ አፍ እንዳይነካ በእኔ አፍ ነው። ቅር የሚልዎ ካለ በእኔ ይሁን።

ላደረጋችሁልን ሁሉ፣ ለነቀላችሁልን ተክል፣ ለላካችሁልን መድኃኒት፣ ለማኅተማችሁ ጥራት እያመሰገንኩ፣ ሥራዎ በጤና እንዲቀጥል፣ በሌላ አካባቢ እንዲቀጥልም ጭምር፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ የምመኝልዎ፣

የቀድሞ ድንች ተካይ፣ ጡረተኛው የሳይንስ መምህር

ግልባጭ፦
– ለመስክ ቡድኑ መሪ (እባክዎ ይህን ወረቀት ከማሳ ማሳ አያዙሩት)
– ለላቦራቶሪው (በስብሶ ከሆነ አዲስ ቅጂ እልካለሁ)
– ለንብ አርቢው፣ ከምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን ልለጥፍ ስል ለእህቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ይህን እስኪያነቡት ረቡዕ ያልፋል አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለዘር የሚሆን ድንች ትንሽ ቢሆንም አይከፋም፣ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢወጣም ይበቅላል ብላ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠላሳ አንዱን ቤተሰብ ጠርታ ማሳውን በሙሉ አስቆፈረችው። በሩ ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ገንዳ አስቀምጣ እግራችንንም ዶማችንንም አሳጠበችን፤ አናጢውን ሁለት ጊዜ፣ እኔን ሦስት ጊዜ። በቀጣዩ ወቅት እዚያ የሚዘራው በቆሎ ነው። ረቡዕ ስትመጡ ከአጥሩ ውጭ ወንበር አውጥታ ትጠብቃችኋለች፤ እንግዳ አልመለሰችም፣ የምስክር ወረቀቱንም በአጥሩ ላይ አሻግራችሁ ትሰጧታላችሁ። ዘሩ ደህና ነው፣ በጥሩ ቦታ ተቀምጧል። የት እንደሆነ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልነግርዎትም፤ ትጎበኙታላችሁ ብዬ እፈራለሁ።